የመኪና ቦዲ ሥራ ማሠልጠኛ መግባት ያዋጣል? ከድሬዳዋ የአንድ ሠልጣኝ ግምገማ

ላሜራ ቆርጦ፣ ቀጥቅጦ፣ በይዶና ቀብቶ ለመኪና አዲስ ቦዲ የመሥራትን ሙያ ለመማር በድሬዳዋ ከሚገኙ የግል ማሠልጠኛዎች በአንዱ ዘጠኝ ወር ተምሬአለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት ከመንፈቅ በአንድ የባትላሜራ (የመኪና ላሜራ ቅጥቀጣ) ጋራዥ በረዳትነት ሠርቼ ነበር፤ ሥልጠናውን ከጨረስኩ ደግሞ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ልጆችና ወላጆቻቸው ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ለዚህ ሙያ ገንዘብ ከፍሎ ትምህርት ቤት መግባት ያዋጣል ወይስ ጋራዥ ገብቶ ከባለሙያ ሥር መሥራት ይሻላል? በሁለቱም በኩል ስላለፍኩ እስከዛሬ በቃል ስመልስ የቆየሁትን በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ። የማሠልጠኛውን ስም አልጠቅስም፤ ለመራጩ ከስሙ ይልቅ ምን ማየት እንዳለበት ማወቁ ይበልጥ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ ያዋጣል፤ የሚያዋጣው ግን ቢያንስ አንድ ዓመት መዶሻ ይዞ ለቆየ ሰው ነው። እጁ ያልተፈታ ልጅ ከዘጠኝ ወር በኋላ የምስክር ወረቀትና ያልገባው ማስታወሻ ይዞ ይወጣል። መዶሻ ይዞ የቆየው ግን በጋራዥ ውስጥ «እንዲህ አድርግ» ብቻ እየተባለ ያለምክንያት የተቀበለውን ሁሉ ምክንያቱን እዚያ ያገኘዋል፤ ለዚህ ደግሞ የከፈልኩት ገንዘብ ዛሬም አይቆጨኝም።

መኪና በትዕዛዝ መሥራት ሲባል በቴሌቪዥን የሚታየው ጣሪያው ዝቅ፣ ጎማው ሰፋ ያለ የቅንጦት መኪና ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። በእኛ አገር ሙያው የተወለደው ከችግር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተያይቶ ስለሚቀመጥ «ውይይት» የተባለው ታክሲ በፒክአፕ ላይ ጣሪያና አግዳሚ ወንበር ተሠርቶለት የተገኘ ነው፤ በኢሱዙ ሻንሲ (መኪናውን በሚሸከመው የብረት አጽም) ላይ አገር ውስጥ ቦዲ የሚገጠምለትን አውቶቡስም ሕዝቡ የላሜራውን አሠራር አይቶ «ቅጥቅጥ» ብሎታል። ጎረቤታችን ሐረር ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1975 ሲመረት የነበረውን ፔጆ 404 ለብዙ ዓመታት ታክሲ አድርጋ ኖራለች። ያ መኪና ከፋብሪካ መለዋወጫ ሳይመጣለት ይህን ያህል ዘመን የቆየው የጎማ መሸፈኛ ፓራፋንጎውን፣ የሞተር ክዳን ኮፋኖውንና የወለሉን ላሜራ በእጃቸው እየሠሩ በሚተኩለት ባለሙያዎች ነው። ድሬዳዋ ውስጥም ወደ ጋራዥ የሚገባው ሥራ ይህንኑ ይመስላል፤ የባጃጅ ጣሪያና የኋላ መቀመጫ፣ የኢሱዙ የጭነት ሳጥን፣ የላንድ ክሩዘር ፖርቶ መጋላ (የጣሪያ ላይ ዕቃ መጫኛ)፣ አንዳንዴም ከጎን ተመትቶ የተጣመመን ቦዲ ከሁለት መኪና አንድ አድርጎ መገጣጠም።

የሥራው ብዛት ደግሞ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አልሄደም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ። ባለንብረቱ ያለውን መኪና ሸጦ ሌላ መግዛት ሲከብደው ያለውን ማስጠገንና ማስለወጥ ይመርጣል። ስለዚህ ወጣቱ ወደዚህ ሙያ ማየቱ ትክክል ነው። ጥያቄው በየትኛው በር ይግባ የሚለው ነው።

አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ያለው የምድር ባቡር ወርክሾፕ ከነቶርኖዎቹ (ብረት መቅረጫ ማሽኖቹ) ዛሬም አለ። እዚያ ግቢ ውስጥ መለኪያና መዶሻ ተለያይተው አያውቁም ነበር፤ አንድ የባቡር ክፍል ተሰብሮ ምትኩ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማይቻል ሰው ለክቶ፣ ሥሎ፣ ቆርጦ ይተካው ነበር። ዛሬ በየጋራዡ መዶሻው ቀርቶልናል፤ መለኪያው ግን ከአብዛኞቻችን እጅ ጠፍቷል። ማሠልጠኛዎቹ ሊመልሱልን የሚገባው ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ግምገማዬም በዚህ ሚዛን የሚመዝን ነው።

ማሠልጠኛው ከውጭ ሲታይ ደህና ነበር፤ ሰፊ አዳራሽ፣ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ወለል፣ በግድግዳው ላይ በቅርጽ በቅርጻቸው የተሰቀሉ መሣሪያዎች። በክፍላችን ሃያ አራት ነበርን። ሽቦ እየመገቡ የሚበይዱት የሚግ መበየጃዎች ከሚሠሩት ሁለት ብቻ ነበሩ። የተግባር ክፍለ ጊዜው ሦስት ሰዓት ስለሆነ ለአንድ ሰው የሚደርሰው አሥራ አምስት ደቂቃ መሆኑን ማንም ማስላት ይችላል፤ በዚያ ላይ ላሜራ ማጽዳቱና ማያያዙ የሚወስደው ጊዜ ሲቀነስ ከችቦው እሳት የሚወጣው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ለቀጭን ላሜራ፣ ለአሉሚኒየምና ለማይዝግ ብረት የሚያገለግለው የአርጎን ብየዳ መሣሪያ ነበረን፤ ጋዙ ግን አልቆ ስድስት ሳምንት ቆሟል። በስድስተኛው ሳምንት ሲሊንደሩ ተሞልቶ ሲመጣ የፈተናው ጊዜ ደርሶ ስለነበር አብዛኞቹ ጓደኞቼ አርጎን በይደው ሳያውቁ ተመረቁ። ይህንን ስጽፍ ቅር ይለኛል፤ ከእነርሱ መካከል ለክፍያው ቤተሰቦቻቸው ንብረት የሸጡላቸው ነበሩና።

እንዲህ ያለ ጉድለት እያለ ያዋጣል ያልኩበትን ምክንያት ለማስረዳት አንድ ቀን ጠዋት የሆነውን ልተርክ። አስተማሪያችን ግቢው ውስጥ ቆሞ የነበረ አንድ ፒክአፕ ቦዲው ተነሥቶ ሻንሲው ብቻ በአራት መቆሚያ ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። መኪናው ቀደም ብሎ ተመትቶ የተጠገነ ነበር፤ ባለንብረቱ የሚያማርረው ጎማው በአንድ በኩል ቶሎ እያለቀ መቸገሩን ነው። አስተማሪው ቱንቢ አወጣ፤ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን፣ ክር ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ሾጣጣ ብረት ማለት ነው። ክሩን በሻንሲው የፊት ግራ የባላስትራ (የተነባበረ የመኪና ስፕሪንግ) ማሰሪያ ቀዳዳ መሐል ይዞ ቱንቢው መወዛወዙን እስኪያቆም ጠበቀ፤ ጫፉ ባረፈበት የሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ነጥብ አኖረ። በቀኙም፣ ከኋላም በሁለቱ በኩል እንደዚሁ አደረገ። ሻንሲው ተገፍቶ ሲነሣ ወለሉ ላይ አራት ነጭ ነጥቦች ብቻ ቀሩ። ከዚያ ሁለታችንን ጠርቶ ሜትር አስያዘንና ከፊት ግራ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከፊት ቀኝ እስከ ኋላ ግራ በሰያፍ እንድንለካ አዘዘን። ሁለቱ ልኬቶች እኩል መሆን ሲገባቸው በአሥራ አራት ሚሊሜትር ተለያዩ።

በዓይን ሲታይ ያ ሻንሲ ቀጥ ያለ ነበር። እኔም በጋራዥ ሳለሁ እንደዚያ ያለ ሻንሲ አይቼ «ደህና ነው» ብዬ ቦዲ የጫንኩበት ጊዜ ስንት እንደሆነ እያሰብኩ ነጥቦቹን ሳይ ቆየሁ። አራት ማዕዘኑ ተገፍቶ ሲንጋደድ አክስሎቹ ከሻንሲው ጋር ቀጥ ባለ ማዕዘን መቀመጣቸው ይቀራል፤ መኪናው መንገድ ላይ ትንሽ በጎኑ እየተጎተተ ይሄዳል፤ ጎማ ይበላል፤ ፍሬን ሲያዝም ወደ አንድ በኩል ይስባል። በእንደዚህ ያለ ሻንሲ ላይ የሚሠራ ቦዲ የቱንም ያህል ቢያምር የበሮቹ ክፍተት ፈጽሞ እኩል አይሆንም። ለዚህ ምርመራ የሚያስፈልገው ቱንቢ፣ ክር፣ ጠመኔና ሜትር ብቻ ነው፤ ሁሉም በአንድ የግንበኛ ከረጢት ውስጥ ይገኛሉ። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ጋራዥ ማንም ያላሳየኝን በአንድ ጠዋት አየሁት።

ይህ ትምህርት ለምን እንደዚያ እንደነካኝ የሚገባው ከዚያ በፊት የደረሰብኝን ለሰማ ሰው ነው። በረዳትነት በምሠራበት ጋራዥ ከሐረር የመጣ አንድ ፔጆ 404 ነበር። ይህ መኪና ራሱን የቻለ ሻንሲ የለውም፤ ወለሉ፣ ምሰሶዎቹና ከበሩ ሥር የሚሄደው ባዶ ሳጥን መሰል ላሜራ አንድ ላይ ሆነው ክብደቱን ይሸከሙታል። ከበር ሥር ያለው ሳጥን ዝጎ ስለነበር በግራ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርጠን አወጣነው፤ አዲስ ላሜራ አጥፈን በየድነው፤ ሥራው ለዓይን ጥሩ ነበር። ማታ ላይ የኋላውን በር ስንዘጋው ምላሱ ከመቆለፊያው በላይ አለፈ። ስንቆርጠው መኪናው በወገቡ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እኛም ዝቅ ያለውን ወገብ እንዳለ በይደን አጽንተነዋል። ባለታክሲው ሦስት ቀን ገቢውን አጥቶ ጠበቀን፤ በመጨረሻም በሮቹን ከማጠፊያቸው እየመታን እንደነገሩ አስማማናቸው። በማሠልጠኛው ያገኘሁት መልስ ቀላል ነበር፤ ከመቁረጥ በፊት በሮቹ ተነሥተው ክፍተቱ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ በቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ በሆነ የብረት ዘንግ) ይወጠራል፤ መኪናውም በአራቱም በኩል እኩል ተደግፎ ይቀመጣል፤ የድሮው ሳጥን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በክፍል በክፍሉ ይተካል። ያንን ባለታክሲ ዛሬ ባገኘው ሥራውን ያለክፍያ ደግሜ ብሠራለት ደስ ይለኛል።

ስለ ሙቀት የተማርኩትም እንዲሁ ነው። የቦዲ ላሜራ ውፍረት ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ብየዳ ሲያገኘው የጋለው ቦታ ሊሰፋ ይፈልጋል፤ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ላሜራ አላሰፋ ሲለው ወደ ውስጥ ይወፍራል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከነበረበት አንሶ ይሰበሰባል። ያ መሰብሰብ ነው ጣሪያን እንደ ተጨማደደ ጨርቅ የሚያደርገው። በጋራዥ ውስጥ «ነጥብ ነጥቡን እያራራቅህ በይድ» እባል ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ስለማላውቅ ሲቸኩሉብኝ አከታትዬ እበይድ ነበር። ምክንያቱን ካወቅኩ በኋላ ግን ቸኩል ብባልም አልቸኩልም፤ ነጥቡ በእጅ ሲነካ ለብ እስኪል እጠብቃለሁ፤ የተሰበሰበውንም የብየዳ መስመር ከኋላው ደግፌ በቀስታ በመምታት መልሼ አሰፋዋለሁ። ጉድጓድ መሙያውን ልጥፍ፣ ስቱኮን፣ የምጠቀመውም ለመጨረሻው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ጣት የሚያህል ስቱኮ ተለጥፎባቸው ከሁለት ክረምት በኋላ የተሰነጠቁ ቦዲዎች ከተማችን ውስጥ ስንት እንደሆኑ ባለንብረቶቹ ያውቁታል።

ከሁሉ በላይ ግን ለትምህርቱ ባለዕዳ ያደረገኝ ስለ ሳንባ የሰማሁት ነው። የጋልቫናይዝድ ላሜራ ሲበየድ ዚንኩ ተቃጥሎ ነጭ ጭስ ይሆናል፤ ያንን ጭስ ሲስብ የዋለን ሰው ማታ ያተኩሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጣጥመዋል፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይተወዋል። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ምልክት የሚታይበት ሰው ወባ ያዘኝ ብሎ ማሰቡ ተፈጥሯዊ ነው፤ እኔም ሁለት ጊዜ ለወባ ደም ተመርምሬ የለብህም ተብያለሁ። በየጋራዡ ከብየዳ በኋላ ወተት መጠጣት ጭሱን ያጥባል ይባላል። ወተት ወደ ሆድ እንጂ ወደ ሳንባ አይሄድም። የሚጠቅመው ከመበየድ በፊት ዚንኩን ከመስመሩ ዳርና ዳር ፍቆ ማንሣት፣ በረንዳ ላይ ነፋስ ባለበት መሥራት፣ ተገቢውን ማጣሪያ ያለው ጭምብል ማድረግ ነው። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት የመኪና ቀለም ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ በውስጡ ያለው አይሶሳይኔት የተባለ ኬሚካል ደጋግሞ የሳበውን ሰው ለዘለቄታው አስም ሊያሲዘው ይችላል፤ አፍንጫ ላይ የታሰረ ፎጣም ሆነ የአቧራ ጭምብል አያቆመውም። በእኛ ከተማ ቀለም ቀቢዎች ሁሉ ማለት ይቻላል ፎጣ አስረው ነው የሚሠሩት። አስተማሪያችን ይህንን በአንድ ከሰዓት በኋላ በአጭሩ ተናግሮ አለፈ፤ እኔ ግን ሳምንት ሙሉ ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ነበር እላለሁ። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ማሠልጠኛው ይህን ብቻ ቢያስተምር ለአንድ ወጣት ክፍያው ተመላሽ ነው።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ያልሰጠኝን ልናገር። ከሁሉ አስቀድሞ እጅ አልሰጠኝም። የጋራዡ ዋና ባለሙያ የተቀጠቀጠ በር ሲመረምር ዓይኑን አያምንም፤ ስስ ጨርቅ በመዳፉ ሥር አድርጎ ላሜራውን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ይዳብሳል። ጨርቁ እጁ እንዳይያዝ ስለሚያደርገው ዓይን የማያየው ጉብታና ጉድጓድ በመዳፉ ይታወቀዋል። መጀመሪያ ዳብስ ሲለኝ ምንም አልተሰማኝም፤ «አቦ፣ በጣትህ አይደለም፣ በመዳፍህ ነው፤ ቀስ በል» አለኝ። ያ ጉብታ በመዳፌ የታወቀኝ ከአራት ወር በኋላ ነው። የመዶሻው ድምፅም እንዲሁ ነው፤ ከኋላ ያለው ድጋፍ ላሜራውን በትክክል ሲነካ ድምፁ ጥርት ይላል፣ ሲለይ ግን ይደፈናል፤ ይህን ጆሮ የሚማረው በሺህ ምት እንጂ በሰሌዳ አይደለም። በማሠልጠኛው አብረውኝ ከነበሩት መካከል ጋራዥ ያላዩት ልጆች አስተማሪው ስለ ላሜራ መሰብሰብ ሲያስረዳ በደንብ ይጽፉ ነበር፤ ነገር ግን የሚያስታውሱት የተጨማደደ ጣሪያ ስላልነበራቸው ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ።

የከተማችን አየርም ትምህርቱን አልጠበቀም። ቀለም የመቀባት የተግባር ክፍለ ጊዜያችን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። በድሬዳዋ ግንቦት ውስጥ በዚያ ሰዓት ላሜራ በእጅ አይነካም፤ ከስፕሬዩ የወጣው ቀለም ላሜራው ላይ ሳይደላደል ቲነሩ ተንኖ ያልቃል፤ ገጹም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሻክራል። የጋራዥ ቀቢዎቻችን ይህን ስለሚያውቁ ሌሊት ተነሥተው ወለሉን ውኃ አርከፍክፈው አቧራውን ያስቀምጣሉ፤ ፀሐይ ሳትወጣ ቀብተው ይጨርሳሉ፤ ቲነሩንም ቀስ ብሎ የሚተነውን ይመርጣሉ። የማሠልጠኛው ሰነድ ይህን አይልም፤ ለሌላ አየር ንብረት የተጻፈ ነውና።

ሰነዱ የተጻፈበት ቋንቋም ሌላው ችግር ነው። ከሠልጣኞቹ ገሚሱ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ የሚናገር፣ ጋራዥ ውስጥ ደግሞ በአማርኛ የሚግባባ ልጅ ነው፤ የመሣሪያዎቹን ስም የምናውቀው ከጣሊያን በወረስነው አጠራር ነው፤ ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ባላስትራ። መጽሐፉና የጽሑፍ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በእጁ ከሁላችን የሚበልጥ አንድ ጓደኛችን «ሞርሳ» የሚያውቀውን በእንግሊዝኛ ስሙ ሲጠየቅ አጥቶ ነጥብ ጎደለበት። አስተማሪዎቹ በቃል በአማርኛና በኦሮምኛ ማስረዳታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ቢሆንም የክፍሉ ግድግዳ ላይ የመሣሪያዎቹ ስም በየቋንቋው የተጻፈበት አንድ ሰሌዳ መስቀል ምን ያህል ወጪ ይጠይቃል?

በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ከሥልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋሙ እንዲሰጥ የትብብር ሥልጠና የሚባል አሠራር ተቀምጧል። አሳቡን እደግፈዋለሁ፤ እኔም ከላይ የምለው ከዚህ የራቀ አይደለም። በተግባር ግን የተላክንበት ቦታ ማንም እንደማይከታተለን ካወቀ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ብርጭቆ ወረቀት ይዘን ስናሽ ከረምን። ለእኔ ጉዳት አልነበረውም፤ ጋራዥ ለማያውቀው ልጅ ግን በሥራ ቦታ ሊማረው የሚገባው ክፍል በዚያ ሁኔታ ባከነ።

የምስክር ወረቀቱ ራሱ ዋጋ አለው ወይ ብትሉ፣ አለው። ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ማለፍ በድርጅት ለመቀጠርም ሆነ ተደራጅቶ ብድር ለመጠየቅ ይረዳል፤ በጋራዥ ብቻ የተማረ ሰው በወረቀት ጉድለት ብዙ በር ይዘጋበታል። ነገር ግን በትዕዛዝ ሥራ ላይ ለሚሰማራ ሰው ከሚያስፈልጉት ሁለቱ ነገሮች በማሠልጠኛችን አልተነሡም። አንደኛው ዋጋ መተመን ነው፤ ስንት ሉህ ላሜራ፣ ስንት ኪሎ የብየዳ ሽቦ፣ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሳያሰላ የተዋዋለ ባለሙያ ራሱን ያከስራል ወይም ደንበኛውን መሐል መንገድ ላይ ተጨማሪ ይጠይቃል። ሁለተኛው ሕጉ ነው፤ የተለወጠው ቦዲ በሊብሬው ላይ ከተመዘገበው ጋር ሳይጣጣም ሲቀር ደንበኛው ቦሎ ሊያድስ በሄደበት ይቸገራል፤ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ይህን ለደንበኛው የሚነግረው ባለሙያው መሆን አለበት።

አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ ውጭ አገር ስላሉ ትምህርት ቤቶች ይጠይቁኛል። አሜሪካ ውስጥ በካንሳስ ግዛት የሚገኘው ማክፈርሰን ኮሌጅ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ የቆዩ መኪኖችን የማደስ ሙያ ያስተምራል፤ ዛሬም በዚሁ ሙያ የአራት ዓመት የባችለር ዲግሪ ይሰጣል። በዋዮሚንግ ግዛት ላራሚ ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 የተመሠረተው ዋዮቴክ ደግሞ በወራት የሚቆጠር የተግባር ሥልጠና በመስጠት የታወቀ ነው። ትልቅ ስም ግን ዋስትና አይደለም፤ ዋዮቴክን በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የገዛው ኮሪንቲያን ኮሌጅስ የተባለው ኩባንያ በ2015 ሲከስር በየትምህርት ቤቶቹ የነበሩ ብዙ ተማሪዎች የትምህርት ብድር ይዘው ቀርተው ነበር። ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች ልንወስደው የሚገባው ሠልጣኙ አንድን መኪና ከመፍታት እስከ መቀባት የሚያደርስበትን ልማድ ነው። እኛ በዘጠኝ ወር አንድም መኪና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አልሠራንም፤ ቁርጥራጭ ላይ ተለማምደን ቁርጥራጭ ላይ ተፈተንን።

ወደፊት የትምህርት ቤቱን አስፈላጊነት የሚጨምር አንድ ነገር አለ፤ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ባትሪው በወለሉ ሥር ተዘርግቶ በብዙዎቹ ላይ ከሦስት መቶ ቮልት በላይ ይይዛል፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች የሚያልፉበትን ሳያውቅ ከበር ሥር መሰርሰሪያ የሚያስገባ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ይህን ሙያ በመሞከር መማር አይቻልም። ሆኖም በነበርኩበት ጊዜ ማሠልጠኛችን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያስተማረን አንዳች አልነበረም፤ ዛሬ መኪኖቹ በከተማችን ጎዳና ላይ እየበዙ ሲሄዱ ማየቴ ያሳስበኛል።

ለመመዝገብ የሚያስብ ሰው ቢሮ ገብቶ ወረቀት ከመሙላቱ በፊት በሥራ ቀን ወደ ወርክሾፑ ይግባ። ከሁሉ አስቀድሞ ጓሮውን ይይ፤ ሠልጣኞች በእውነት የሚሠሩ ከሆነ በይደው ያበላሹት፣ ቆርጠው የጣሉት ላሜራ ከጥግ ተከምሮ ይገኛል። ጓሮው ንጹሕ ከሆነ መሣሪያው የተሰቀለው ለጎብኚ ነው። ቀጥሎ መበየጃዎቹን ይቁጠር፣ የሠልጣኙን ብዛት ይጠይቅ፣ እኔ ከላይ እንዳደረግሁት ለራሱ የሚደርሰውን ደቂቃ ያስላ። ጋዝና ሽቦ ሲያልቅ የሚገዛው ማን እንደሆነ፣ የትብብር ሥልጠናው የሚሰጥበት ጋራዥ የት እንደሆነና አስተማሪው በየስንት ጊዜው እየሄደ እንደሚያይ ይጠይቅ። የሠልጣኞቹንም እጅ ይመልከት፤ በሦስተኛው ወር ላይ ያለ ሠልጣኝ እጁ ላይ ጠባሳ ከሌለው እየተማረ አይደለም።

የእህቴ ልጅ ገንደ ቆሬ አካባቢ ባለ ጋራዥ ከገባ ሰባት ወሩ ነው። ባለፈው ዓመት ማሠልጠኛ ልግባ ሲለኝ ቆይ ብዬው ነበር፤ ቅር ብሎት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ የኮፋኖ ላሜራ ይዞልኝ መጣ፤ በይዶ ካቀዘቀዘው በኋላ መሐሉ ሲጫኑት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲለቁት ጧ ብሎ ይመለሳል፤ አለቃውን ሲጠይቅ «ሙቀት በዝቶበት ነው» ተብሎ ብቻ ተመልሷል። «ሙቀቱስ በዝቶ ምን አደረገው?» አለኝ። ላሜራውን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ጠርዙ እንዴት እንደተሰበሰበ፣ መሐሉ የሚተኛበት ቦታ አጥቶ ለምን እንደጎበጠ በጠመኔ እየሣልኩ እስኪመሽ አሳየሁት። ሲነሣ ለመስከረም እንዲመዘገብ ነገርኩት፤ የመጀመሪያውን ክፍያም እኔ እከፍልለታለሁ።